«ሆርሞንሽን ማን ሰረቀው?» ለተባለው ጽሑፍ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ የተሰጠ ምላሽ

«ሆርሞንሽን ማን ሰረቀው?» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በቴሌግራም ቢያንስ ስድስት ጊዜ ደርሶኛል። ከላኪዎቹ አንዷ የገዛ እናቴ ናት። ሦስቱ ደግሞ ደንበኞች ናቸው። ስልካቸውን በመስኮቱ አሾልከው «እስቲ ይቺን አንብባትና እውነት ከሆነ ንገረኝ» ይሉኛል፤ ከኋላቸው ሰልፉ እየረዘመ። የምሠራው ከቸርችል ጎዳና ግርጌ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ከተደረደሩት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ነው። እዚያ ቆሞ እንዲህ ላለ ጽሑፍ መልስ መስጠት አይቻልም፤ እዚህ ልሞክር።

መጀመሪያ ጽሑፉ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊዋ እንደሚሉት ድካሙ፣ ውፍረቱ፣ የፀጉሩ መነቃቀል፣ የወር አበባው መዛባት፣ ልጅ ማጣቱ ሁሉ ምንጩ አንድ ነው፤ «የሆርሞን ሚዛን መዛባት»። ለዚህም የወሊድ መቆጣጠሪያን ይከሳሉ። ማሕፀን ያደርቃል፣ ካቆሙት በኋላም ከደም ለማውጣት የሦስት ወር «ማጽጃ» ያስፈልጋል ይላሉ። የታይሮይድ ኪኒንና ኢንሱሊን እጢን «ስለሚያሰንፉ» ቀስ በቀስ በሽፈራው፣ በአብሽና በጥቁር አዝሙድ ይተኩ ይላሉ። የፋብሪካ ጨው ይቅርና ወደ አያቶቻችን አሞሌ እንመለስ፣ ቡና የጭንቀት ሆርሞን እናት ስለሆነች ትቅር፣ እንቅልፍ ይከበር ይላሉ። ለከሳ ሰው «ሆርሞን የማይነካ» ተፈጥሯዊ ማወፈሪያ፣ ፊቱ ለጠቆረ ማቅያ ክሬም፣ ፀጉሩ ለሳሳ የፀጉር ቫይታሚን ይመክራሉ። በመጨረሻም ማንም ሰው በየስድስት ወሩ «ሙሉ የሆርሞን ምርመራ» እንዲያደርግ አሳስበው ስልክ ቁጥር ያስቀምጣሉ።

ብዙ የሙያ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ስቀው ያልፋሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ የጽሑፉ መነሻ ስሕተት አይደለምና። መድኃኒት ሆርሞንን ይነካል፣ እኛም አንናገርም። ባለፈው ክረምት አንዲት ያላገባች ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ከጡቷ ወተት መውጣት ጀምሯል። የእርግዝና ምርመራው ነጻ ነው ቢልም እናትየው አላመኑም፤ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች። የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ስጠይቃት ከቦርሳዋ አንድ ስትሪፕ አወጣች፤ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙ ሰው ፕላሲል የሚለው የማቅለሽለሽ መድኃኒት። ለጨጓራዋ ብለው ከሰጧት ወር አልፎታል፤ እሷም ሲያልቅባት እየገዛች ቀጥላለች። ፕሮላክቲን የሚባለውን የወተት ሆርሞን አፍኖ የሚይዘው ዶፓሚን የሚባል የአንጎል መልእክተኛ ነው፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ ዶፓሚንን ያግዳል። አፋኙ ሲታገድ ወተቱ ይመጣል። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ከ5 ቀን በላይ እንዳይወሰድ መክሯል። ልጅቷን ወደ ሐኪም መለስኳት፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ወተቱም ቆመ። በእናትና በልጅ መካከል የተፈጠረውን ግን እኔ አላውቅም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶንም ይህንኑ ያደርጋሉ። ለልብ ድካም የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን የወንድ ጡት ሊያሳብጥ ይችላል። ይህ ሁሉ በቅጡ ሊነገር ሲገባው እኛ በግማሽ ደቂቃ «ጠዋትና ማታ» ብለን ፌስታል እናቀብላለን። በዚህ ጸሐፊዋ ቢቆጡ እውነት አላቸው።

የማንስማማው «ሚዛን» ከሚለው ቃል ጀምሮ ነው። ቃሉ ሲነገር መርካቶ የእህል በረንዳ ላይ ያለችው ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ትታየናለች፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይነሣል፣ ሲስተካከሉ ጤና ነው። ሆርሞን እንደዚያ አይደለም። ቃሉን በ1905 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ ከግሪክኛ የወሰደው «የሚያነሣሣ» በሚል ትርጉም ነው። በሰውነታችን ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ መልእክተኞች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ሰዓት አለው። የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን ኮርቲሶልን ለምሳሌ እንመልከት። ጎሕ ሲቀድ ከፍ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ እየወረደ እኩለ ሌሊት ላይ ከሁሉ ዝቅ ይላል። ጠዋትም ማታም እኩል ሆኖ የተገኘበት ሰው ጤነኛ አይባልም፤ እንዲያውም ኮርቲሶል የሚበዛበትን፣ ኩሺንግ የሚባለውን በሽታ ለመለየት ሐኪም ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ኮርቲሶል ሌሊት አለመውረዱ ነው። ስለዚህ «ሆርሞኔ ተዛብቷል» ለሚለኝ ሰው ጥያቄዬ ሁልጊዜ ያው ነው፤ የትኛው? በምን? ከመቼ ጀምሮ?

ወደ ወሊድ መቆጣጠሪያው ልምጣ፤ በመስኮቱ ብዙ እንባ ያየሁበት ነው።

ኪኒኑ ካቆሙት በኋላ ደም ውስጥ ለወራት ይቀመጣል የሚለውን ለማፍረስ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ፓኬቱን መመልከት ይበቃል። 28 ፍሬ ካለው ፓኬት የመጨረሻዎቹ ሰባት ቡናማ ኪኒኖች ሆርሞን የለባቸውም፤ ብዙውን ጊዜ ብረት ብቻ ናቸው። ደም የሚመጣው በእነዚያ ቀናት ነው፤ ሆርሞኑ ስለወረደ። ለሦስት ወር የሚቆይ ቢሆን ኖሮ ደሙ ከየት ይመጣ ነበር? ደግሞስ ኪኒን ረስታ ያረገዘች ሴት የማያውቅ ማን አለ? በሁለት ሦስት ቀን መርሳት የሚረገዘው ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ስለሚጠፋ ነው። በክንድ የሚቀበረውም እንዲሁ ነው፤ ከወጣ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ከደም ይጠፋል፣ አንዳንዷ በዚያው ወር ታረግዛለች።

የሦስት ወሩ መርፌ ግን ይለያል፤ እዚህ ላይ ለጸሐፊዋ ግማሽ መንገድ እሄድላቸዋለሁ። ዲፖ 150 ሚሊ ግራም ሆኖ ጡንቻ ውስጥ ይከማችና ቀስ እያለ ይለቀቃል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዷ ላይ ከዚያም ይረዝማል። ይህ መዘግየት ነው፤ መድረቅ አይደለም። ነገር ግን «በሚቀጥለው ዓመት ልጅ እፈልጋለሁ» ላለች ሴት ሳይነገራት መርፌው ከተሰጣት የተበደለች ናት፣ ወር እየቆጠረች ስታለቅስ «ደረቅሁ» ብታስብም አልፈርድባትም። ይህን መዘግየት ግን የትኛውም ማጽጃ አያሳጥረውም። መድኃኒቱ ያለው ጡንቻ ውስጥ ነው፤ ሻይ ጠጥቶ ከጡንቻ የሚያጥብ የለም።

ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ላይ የሚፈጠረውንም ላንሣ፤ ጽሑፉ ስለሚያስፈራራበት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፖስት ፒል» የሚሉ ወጣቶች ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ልጅቷን ውጭ አቁሞ እሱ ይገዛል። ድንገተኛ መከላከያ ኪኒን ማለታቸው ነው፤ 1.5 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጄስትሬል የሚባል ሆርሞን፣ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። የዚያን ወር የወር አበባ ሊያስቀድም ወይም ሊያዘገይ ይችላል፤ መካን ግን አያደርግም። በወር አራቴ መውሰድ ማሕፀን ስለሚያደርቅ አይደለም የማልመክረው፤ ከመደበኛው መቆጣጠሪያ ይልቅ ስለማያስተማምንና ዑደቱን ስለሚያተራምስ ነው።

ልጅ ከሚያሳጡት ነገሮች ዋና ዋናዎቹን ጽሑፉ አይጠራቸውም፤ ሳይታከም የቆየ ጨብጥና ክላሚዲያ የእንቁላል መተላለፊያ ቱቦውን ሲዘጋ፣ ዕድሜ ሲገፋ፣ እንቁላል በየወሩ የማይወጣበት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲኖር፣ ብዙ ጊዜም ችግሩ ከባልየው ሲሆን። የመጨረሻውን ስናገር ባሎች ወደ ጣሪያ ያያሉ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ያለባት ሴት ኪኒን ስትወስድ ደሟ እንደ ሰዓት ይመጣል፤ ስታቆም የድሮው መዛባት ይመለሳል፣ ወንጀለኛው ኪኒኑ ይመስላታል። ኪኒኑ የሸፈነው እንጂ ያመጣው አልነበረም።

የሚገርመው እውነተኛው ሌባ በጽሑፉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፤ በስድስቱም ወር ሪፋምፒሲን አለበት፣ ሽንትን ብርቱካን የሚያስመስለው። ይህ መድኃኒት ጉበትን ያበረታና የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞንን ከተለመደው በላይ በፍጥነት ያስፈጫል። ኪኒኑም በክንድ የተቀበረውም አቅም ያጣሉ። ሪፋምፒሲን ካቆመ በኋላም ጉበት ወደ ልማዱ ለመመለስ አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታልም እንዲሁ ናቸው። ክንዷ ውስጥ መከላከያ አለ ብላ የተማመነች የቲቢ ታካሚ ስታረግዝ «ከእግዜር ነው» ይባላል። ከጉበት ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ግን በዚህ አይነካም፤ በዚህ ጊዜ ጥሩ አማራጭ የሚሆነው ያው የተወገዘው ዲፖ ነው።

«እጢን ያሰንፋል» ወደሚለው ልለፍ። እዚህ ላይ ምክንያትና ውጤት ቦታ ተለዋውጠዋል። የታይሮይድ ኪኒን የሚታዘዘው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ስለደከመ ነው፤ እጢው ከኪኒኑ በፊት ነው የወደቀው። አንገቷ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ እጢዋ ጭራሽ የወጣላት ሴትስ? የሌለ እጢ እንዴት ይሰንፋል? በሽፈራው ተኪ የተባለችው እሷ ናት እንግዲህ።

ኢንሱሊን ላይ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ጨዋታ አላውቅም። ሌናርድ ቶምሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ እስኪወጋ ድረስ ዓይነት አንድ ስኳር የያዘው ልጅ ዕጣው እየከሳ መሞት ነበር። እንዲህ ያለ ታማሚ ዛሬም ኢንሱሊን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ሆኖ ሊሞት ይችላል። ዓይነት ሁለት ያለበት ሰው ክብደት ሲቀንስ መድኃኒቱ ሊቀነስለት፣ አንዳንዴም ሊቆምለት ይችላል፤ ይህን ጸሐፊዋ በትክክል ብለዋል። የሚቀነሰው ግን ስኳሩ እየተለካ ነው። አብሽም ቢሆን ዝም ብሎ ቅመም አይደለም፤ ስኳርን በመጠኑ እንደሚያወርድ የሚያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ግሊቤንክላማይድ በሚባለው የስኳር ኪኒን ላይ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ አብሽ የሚደርቡ ሰውዬ ግን ላብ አጥምቋቸው ታክሲ ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። የሚሠራ ከሆነ መጠን ያስፈልገዋል፤ ጽሑፉ ውስጥ መጠን የለም።

ስለ ታይሮይድ ኪኒን ጸሐፊዋ «ዕድሜ ልክ ይውጡታል፣ ለውጥ የላቸውም» ያሉት ብዙ ሰው ላይ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አንዲት እትዬ አሉ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ በእግር እየወረዱ የሚመጡ። መድኃኒታቸው ከ50 ማይክሮ ግራም ወደ 75፣ ከዚያ ወደ 100 ወጣ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው ቲ.ኤስ.ኤች የሚባለው ምርመራ ግን አልወርድ አለ። አንድ ቀን ሰው ባልነበረበት ሰዓት «እንዴት ነው የሚውጡት?» አልኳቸው።

«እንዳላችሁኝ ነው ልጄ፤ በባዶ ሆዴ።»

«በውኃ?»

«በአቦሉ ነዋ! ባዶ ሆድ በውኃ ምን ይሆናል?»

ቡና ይህ ኪኒን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ብረትና ካልሲየም ደግሞ ይባስ ያስሩታል፤ አራት ሰዓት መራራቅ አለባቸው። ጽሑፉ የሚያወድሰው ተልባም ከኪኒኑ ጋር አብሮ ከተጠጣ እንዲሁ ያስቸግራል። በውኃ ብቻ ይዋጡት፣ ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይምጣ አልኳቸው። በሁለተኛው ወር ያመጡት ውጤት ወርዶ ነበር፤ ሐኪማቸውም መጠኑን መልሶ ቀነሰላቸው። ለሚጾሙ ሰዎችም መንገድ አለ፤ ከሐኪም ጋር ተማክሮ ከመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መዋጥ ይቻላል።

አሞሌውን እንዳልረሳ። አሞሌ ጨው ታሪካችን ነው፤ ገንዘባችንም ሆኖ ያውቃል። ነገር ግን አዮዲን አልተጨመረበትም። ታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ ያለ አዮዲን አይሠራም፤ እጢው አዮዲን ሲያጣ ለማካካስ ያብጣል፣ ያ ነው እንቅርት። ደጋማ አገራችን ይህን ከማንም በላይ ስለምታውቀው ተረት ሠርታለታለች። ማንኛውም የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል፤ ነፍሰ ጡር 250 ያስፈልጋታል፣ የጽንሱ አንጎል የሚሠራው በዚሁ ስለሆነ። የታይሮይድ ኪኒን ይቁም፣ አዮዲን ያለው ጨውም ይጣል ማለት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ ይህ ተረት ቃል በቃል ሲሆን ያየሁት ገና አሁን ነው። የጓዳ ምክር ከተፈለገ፣ ጨው በክዳን ይቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ይጨመር፤ አዮዲኑ በእርጥበትና በረጅም መንተክተክ ይጠፋል።

እጢን የሚያሰንፍ መድኃኒት የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ። የሚያሳዝነው ጸሐፊዋ በጠሉት ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን በወደዱት ውስጥ መሆኑ ነው።

ሠርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ የተቆረጠ አንዲት ልጅ በሁዳዴ መካከል መጣች። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ እንዲሞላ መወፈር አለባት ተብሏል። ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ «ተፈጥሯዊ ቫይታሚን» ተብሎ የተሸጠላትን በጋዜጣ ተጠቅልሎ አሳየችኝ፤ «ሲያልቅብኝ ከእናንተ ልግዛ ብዬ ነው።» ጥቅሉ ውስጥ ከፊሉ ልቅ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ በግማሽ የተቆረጠ ስትሪፕ ነበር፤ ከጀርባው ላይ «ዴክሳ…» የሚለው ተርፏል። ዴክሳሜታዞን፣ እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት፣ ባለ 0.5 ሚሊ ግራም። በቀን ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ስትውጥ ሁለተኛ ወሯ ነው። ፊቷ ክብ ሆኖ አብረቅርቋል፤ «አማረብሽ» እንደሚሏት ነገረችኝ። ክንዷ ግን ቀጭን ነው፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በቀን 3 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን በጉልበት ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው ሌላ ስቴሮይድ 20 ሚሊ ግራም ጋር እኩል ነው፤ ያም 80 ሚሊ ግራም ኮርቲሶል እንደማለት ነው። ሰውነት በራሱ በቀን የሚያመርተው ከ20 ሚሊ ግራም ብዙም አይዘልም። ልጅቷ ቢያንስ አራት እጥፍ ኮርቲሶል እየጎረሰች ነበር፤ ያውም ሆርሞን አይነካም ተብሎ። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ይህን ሁሉ ስታይ «በዝቷል» ብላ ትእዛዝ ታቆማለች፤ ኩላሊት አናት ላይ ያሉት አድሬናል እጢዎችም ሥራ ፈትተው ይሟሽሻሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ ኮርቲሶል አልባ ሊሆን ይችላል፤ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ራስ መሳት፣ ሲብስም ሞት። በላዩ ላይ ስኳር ይጨምራል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል። የወፈረ የሚመስለው ፊት ስብና ውኃ ነው፤ ጡንቻው በዚያው ልክ እየቀለጠ ነው።

አልሸጥኩላትም። «ዛሬውኑ አቁሚ»ም አላልኳትም፤ እሱ ይበልጥ አደገኛ ነበር። ሐኪም ደረጃ በደረጃ እንዲያስቀንሳት በወረቀት ጽፌ ላክኋት። አኩርፋ ሄደች።

ማቅያ የተባሉት ክሬሞችም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶል አለ። ይህ በቆዳ ላይ ከሚቀቡት ስቴሮይዶች እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። በቀን 2 ግራም ያህል ብቻ ተቀብቶ እንኳ አድሬናልን ሊያፍን ይችላል፣ ሐኪም ሲያዘውም በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት በላይ አያስኬደውም። ፊትና አንገቷን ለዓመት የምትቀባ ሴት ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲሳሳ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ምን ሊያደርግላት ነው?

መድኃኒቱን ግን አላወግዝም። አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች በ1948 እ.ኤ.አ. የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኮርቲዞንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ሰጥቶ አልጋ ላይ የዋለችው ሴት ተነሥታ ስትሄድ ዓለም ተገርሟል፤ የኖቤል ሽልማትም ተሰጥቶበታል። ዛሬም አስም ያፈነውን ልጅ ትንፋሽ ይመልሳል። በ2020 እ.ኤ.አ. ኦክስጅን ላይ የነበሩ የኮቪድ ታማሚዎችን ከሞት ያተረፈው ያው ዴክሳሜታዞን ነው፤ በቀን 6 ሚሊ ግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን። ወቀሳዬ ለኛው ነው። ይህ ያለ ማዘዣ መውጣት የሌለበት መድኃኒት ሱቅ ድረስ የደረሰው ከአንዳችን መደርደሪያ ተነሥቶ ነው። ጸሐፊዋ በመድኃኒት ቤቶች ላይ ሊጽፉ ቢነሡ ይሄ ይበቃቸው ነበር።

ቡናና እንቅልፍ ላይ ብዙ አልሟገትም። እንቅልፍን በሚመለከት የጻፉትን ልፈርምበት እችላለሁ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 10 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ ሲያስተኛቸው ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞናቸው በቀን ሲለካ ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል። ሌሊቱን በጫትና በስልክ የሚያነጋ ወጣት «ወንድነት የሚጨምር» ሲጠይቀኝ ይህንኑ እነግረዋለሁ፤ ተከፍቶ ይሄዳል። ቡና ግን እናት አይደለችም። ኮርቲሶልን ለአጭር ጊዜ ከፍ ታደርጋለች፤ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ላይ ይሄም ይቀንሳል። ቁም ነገሩ ሰዓቷ ነው። ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ላይ ግን ይህ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ የጠጣችው ቡና ግማሹ ሌሊት 9 ሰዓት ላይም ከእሷ ጋር ነው። ጸሐፊዋ ኪኒኑንና ቡናን፣ ሁለቱንም «ሌቦች»፣ በተለያየ አንቀጽ ከሰሷቸው፤ በሌሊት እንደሚገናኙ አላዩም። መፍትሔው ቡናን መተው ሳይሆን ወደ ጠዋት ማምጣት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስከ ስድስት ሰዓት ያልቃሉ እኮ።

በየስድስት ወሩ ሙሉ ምርመራ የሚለው ገንዘብ ማባከኛ ነው። ላቦራቶሪ «ልክ» የሚለው ከጤነኛ ሰዎች 95 በመቶውን የሚይዘውን ነው። 20 ዓይነት ምርመራ ያዘዘ ጤነኛ ሰው ቢያንስ አንዱ ከልክ ውጭ የመሆን ዕድሉ ከ60 በመቶ ይበልጣል፤ ከዚያ ለማይታመመው በሽታ መድኃኒት ይፈልጋል። ኪኒን እየወሰዱ የኦቫሪ ሆርሞን መለካትም ትርጉም የለውም። ያ የተመከረው የፀጉር ቫይታሚን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባዮቲን በከፍተኛ መጠን አለበት፤ ባዮቲን የአንዳንድ ላቦራቶሪዎችን መሣሪያ ያታልላል። ጤነኛዋን ሴት ታይሮይዷ የበዛ ሊያስመስላት ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለዚህ በ2017 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ፀጉሯ ለምን እንደሚነቃቀል ልታውቅ ሄዳ በፀጉር ቫይታሚን የተሳሳተ ውጤት ይዛ መመለስ! የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባት፣ ሳታጠባ ወተት የመጣባት፣ ሳይታሰብ የከሳች ወይም የወፈረች፣ ብርድ አላስቀምጥ ያላት፣ እሷ ሐኪም ታይ፤ ሐኪሙም ሁለት ሦስት ነገር ለይቶ ይዘዝላት።

የቀረው ማጽጃው ነው። ስልኩን ደውላ ያዘዘችው እናቴ ናት፤ 65 ዓመቷ ነው፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ የተወችው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነበር። ጠርሙሱን ለምኜ ወሰድኩባት፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «100 በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። ውስጡ ምን እንዳለ አይልም። የሠራው አካል አድራሻ፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም። አወሳሰዱ «በቀን 2 ማንኪያ» ነው፤ የሻይ ይሁን የወጥ አልተጻፈም። ጸሐፊዋ ይህን ካነበቡ ይዘቱን ቢነግሩኝ ከሚያወጡት ዝርዝር ጋር እዚሁ አትመዋለሁ፣ ተሳስቼም ከሆነ አርማለሁ። እስከዚያው ፈሳሹን አልደፋሁትም። እናቴ ግን በየቀኑ ትደውላለች፤ ጠርሙሱ ክዳኑ ጥሩ ነው፣ ለበርበሬ ይሆናታል።